ዛሬ መኪና አይነኩም

«እግርዎ ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ እናቴ፣ ዛሬ መኪና አይነኩም» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ።

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ቀና አለች። «እንግዲያው ለምን መጣሁ?» ብላ ጫማዋን በእግሯ መፈለግ ጀመረች።

ልጇ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። እናቷ መርፌ ፈርታ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ጣቷን ሲወጋት ደሙን መጥጣ ሥራዋን የምትቀጥል ሴት ናት። ጠላቷ ዳሌዋ ነው። መጋጠሚያው ተበልቶ አጥንት ካጥንት ስለሚፋጭ፣ ፔዳሉን ጥቂት ረገጥ አድርጋ ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች። የልጇ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ሳይገባለት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሞተር ይገጠምልሽ ሲሏት፣ ሞተር የሴት ወገብ አያውቅም ብላ መለሰች። ለሌላ ሰፊ እንስጠው ያለውን የልጇን እጮኛ ደግሞ በዓይኗ ብቻ ከቤት አስወጣችው።

ሐኪሙ ግራ ገብቶት፣ በዚህ ዕድሜዎም ይነዳሉ እንዴ ብሎ ጠየቃት።

«አንተ ሳትወለድ ጀምሬ» አለች ኮራ ብላ። «ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነው የገዛልኝ። ሰው አስነክቼባት አላውቅም።»

ልጇን ሳቅ አመለጣት። የስፌት መኪናዋን ማለቷ ነው ብላ አስረዳችው፤ ሐኪሙም ጓንት ባጠለቀ እጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀና ጓንቱን ቀየረ። ከዚያ እውነቱን ሳይሸፋፍን ነገራት፦ በመርፌ የሚሰጣት መድኃኒት የተበላውን መጋጠሚያ አይተካም። ከተስማማት ሕመሙን ለጥቂት ወራት ያስታግስላታል፤ ላይስማማትም ይችላል። የስፌቷንም መኪና ቢሆን ጥቂት ቀን ታሳርፋት።

አሰበች። በልቧ እጅጌውን፣ አንገቱን፣ ጠርዙን ትለካ ነበር።

«ወሩን ለሌላ ሰው ስጠው፤ ለእኔ ሳምንት ይበቃኛል» አለች። «በል ውጋኝ።»

ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ እየተመራ መርፌውን በብሽሽቷ በኩል ወደ ዳሌዋ አስገባ። እሷ ፊቷን አላዞረችም፤ በስክሪኑ ላይ ቀጭኗ ነጭ መስመር ወደ ጥቁሩ ስትዘልቅ እያየች፣ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄዷል ብላ አመሰገነችው።

ሲጨርስ ሳትንቀሳቀስ ትንሽ እንድትተኛ አዝዟት ወጣ። እሺ አለች፣ ዓይኗንም ጨፈነች። ከአንሶላው ሥር ግን እግሯ፣ ተረከዝ ጣት፣ ተረከዝ ጣት፣ ቀስ እያለ መርገጥ ጀመረ።

ልጇ ልትከለክላት ተጠጋች። ሳይታወቃት ግን ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ ነበር፣ እጅጌ እንደሚለካላት ሰው።