ከኮርኒሱ በላይ

የአስቤስቶስ መርማሪዋ በቀደም ያሸገችውን የመማሪያ ክፍል ርዕሰ መምህሩ አስከፍቶ ወንበር ሲያስደረድርበት ደረሰችና ደሟ ፈላ።

«ኮርኒሱ ተሰነጣጥቋል፤ የአስቤስቶሱ ብናኝ ሳንባ ይበላል አላልኩዎትም?» ብላ ጮኸችበት።

«እህቴ፣ ነገር አታካብጂ። ስንት ዘመን ተምረንበታል፤ እስቲ ማን ሞተ?»

ልትመልስለት ስትል ከኮርኒሱ በላይ አንድ ሰው ሳለ። ደረቅና ረጅም ሳል ነበር። እዚያ ድመት የሚያሾልክ ክፍተት እንኳ የለም፤ በገዛ እጇ ለክታዋለች።

«ማን ነው?» ብላ አምባረቀች።

ርዕሰ መምህሩ ፊቱ አመድ መስሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አጎቴ ናቸው» አለ። «ይህን ኮርኒስ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በዚሁ ሳል ሞተው እኔው ነኝ የቀበርኳቸው።»

ሳሉ ቆመ።

«ታዲያ ምነው ማን ሞተ አልካት?» አለ ከላይ የተቆጣ ድምፅ።