ጉንጩ ላይ ያለው ቀይ

መርዶ እስኪነገር ድረስ በኮምፒውተር የተሠራ የሟች ምስል ለቤተሰቡ እንዲደውል ከተፈቀደ ወዲህ፣ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝና የወንድሜን የዘርይሁንን ጥሪ ሁሉ ቀድቼ እፈትሻለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ጉንጭ ላይ የቀይ ቀለም ቁጥር ከልብ ምቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ዛሬ ጠቋሚውን ጉንጩ ላይ ባሳርፍ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ዘርይሁን ግን ይስቃል።

«በላቸው፣ ዘርዬ ደህና ነው?» አልኩት ባለቤቴን በላቸውን።

«አሁን ደወለልሽ አይደል እንዴ! ይልቅ ቁርስሽን ብዪ።»

ፍርፍሩን ራሱ ሠርቶታል። መርዶ የሚነገረው ሰው ቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ በኋላ እህል ከጉሮሮው አይወርድም። በመስኮት ሳይ የዕድራችን ሽማግሌዎች ግቢ ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ትንሽ ብቻ» ብሎ አጎረሰኝ።

በልቼ እስክጨርስ ማንም አይነግረኝም። ቀስ ብዬ ማላመጥ ጀመርኩ።