ሃያ ሰባት መንታ መንገድ

«ይቺስ ምን ልትሆን ናት?» አለች ውዳሴ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ሰክታ።

ባምላኩ ወንበሩን ጎተት አድርጎ ተጠጋ። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። የባሕር ዳሩ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ይነሣል፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል። ባምላኩ ነገ አዲስ ሥራ ይጀምራል። ሦስት ዓመት የጻፈውን ኮድ የምትረከበው እሷ ናት፤ አሠሪያቸው ደግሞ ከዐሥር በላይ የሚለካ ሜተድ፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ካለበት አልረከብም ብሏል። ይህኛው ጧት ሲለካ ሃያ ሰባት ነበር።

ልኬቱ ቀላል ነው። ኮዱ ውስጥ «እንዲህ ከሆነ» የሚል በገባ ቁጥር መንገዱ መንታ ይሆናል፤ መለኪያውም መንታውን ይቆጥራል። መንታ የበዛበት ኮድ ከርሞ ሲመለሱበት ለጻፈው ሰው እንኳ ይጠፋበታል።

ሜተዱ የሕሙማንን የቀጠሮ ቀን መርጦ፣ ዋዜማውን ማስታወሻ በስልካቸው ይልካል። ባምላኩ ሲጀምረው አራት መስመር ነበር። ከዚያ ጅጋ አጠገብ ካለ አንድ ቀበሌ በሚካኤል ቀን ለቀጠሮ የሚመጣ ሰው ጠፋ፤ አንድ «ከሆነ» ጨመረ። የደምበጫዎቹ በሥላሴ ከደጅ አንወጣም አሉ፤ ሌላ ጨመረ። በገበያ ቀን ግን ሰው ራሱ ወደ ከተማ ይወጣልና ቀጠሮው ወደዚያ ይሳብ፤ አሁንም ሌላ። ሰው በቀረ ቁጥር መስመር ተወለደ።

«ኮድህ እኮ ሚኒባስ ነው፤ እጅ ላወጣ ሁሉ ይቆማል» ብላው ነበር ጧት።

«ታዲያ ጥሎ ይሂድ?» አላት።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዓላቱን ሁሉ ከሜተዱ አውጥታ ሠንጠረዥ ውስጥ ከተተቻቸው፦ ቀበሌው በዚህ፣ የማይሄድበት ቀን በዚያ። እሱ በዚያ ቀሰስተኛ ድምፁ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ ዐሥራ ሁለት ሚካኤል እያለ ሲጠራ እሷ ስትጽፍ ረፈደ። ሜተዱ ከእንግዲህ አይከራከርም፤ ሠንጠረዡን አንዴ ይጠይቅና ያልፋል። ልኬቱ ወደ ስድስት ወረደ።

ስድስት ይበቃል። ውዳሴ ግን ምክንያቱ ያልተጻፈ መስመር አትወድም። ጣቷን የሰካችበት መስመር እንዲህ ይላል፦ ተቀባዩ ይህ ስልክ ቁጥር ከሆነ፣ ማስታወሻውን ለእሱ ሳይሆን ለባምላኩ ላክ።

«የአንድ ሰው ቁጥር ኮድ ውስጥ አይቀበርም። ልሰርዛት ነው።»

«እሷን ተያት። ዛሬ ታስፈልጋለች።»

«ለምን?»

ባምላኩ ሲናገር ድሮም ከቡሬ በእግሩ ተነሥቶ ደምበጫ እንደሚሄድ ሰው ዝግ ያለ ነው፤ አሁን ግን ጭራሽ አልተነሣም። ውዳሴ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ቁጥሩን አየች። መጨረሻው ዜሮ ሰባት፣ ዜሮ ሰባት። ሲም ካርዱን ጅጋ ወርዳ የገዛችው ራሷ ናት፤ ለመያዝ እንዲቀልላቸው ብላ መርጣ።

«የአባቴ ነው» አለች።

ባምላኩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ አያ እንዳለው የደም ግፊት ቀጠሯቸውን ሦስት ጊዜ አከታትለው ቀርተው ነበር። ማስታወሻው ይደርሳቸዋል፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም፤ ስልኩ ጢው ሲል የማስታወቂያ ነው ብለው ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻው ለእሱ ይመጣል፤ እሱም ይደውልላቸዋል። ስለ ጤፉ ያወራሉ፣ ስለ ዳለቻው በሬ ሕመም ያወራሉ፣ መጨረሻ ላይ ነገ ቀጠሮ አለዎት ይላቸዋል።

«በሬው ታሟል?»

«ድኗል። የታመመው ጥቅምት ላይ ነው።»

ውዳሴ አምና ቡሬ ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ የጤና ሠራተኞች በሞሉበት አዳራሽ ተነሥታ፣ አባቴ ገበሬ ነው፣ መልእክቱን ጎረቤት ያነብለታል፣ አንድም ቀጠሮ ቀርቶ አያውቅም ብላ ተናግራ ነበር። ተጨብጭቦላታል። ባምላኩም ከኋላ ወንበር ሆኖ አጨብጭቧል።

«ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ የምትቆጣበት አጣች። ወደ ስክሪኑ ዞራ ቁጥሩን ከኮዱ አወጣችና አዲስ ሠንጠረዥ ከፈተችለት፤ ስሙን «የሚደወልላቸው» አለችው። በመጀመሪያው ረድፍ እንዳለው ብላ ጻፈች። ደዋይ በሚለው ሥር የራሷን ቁጥር አስገባች።

ባምላኩ ሻንጣውን አየ።

«አንቺ እኮ ቀጠሮውን ብቻ ነግረሽ ትዘጊባቸዋለሽ» አለ።

እውነት ነው። ውዳሴ ከቁጥሯ ኋላ ነጠላ ሰረዝ አድርጋ የእሱን ቁጥር ጨመረች፤ መለኪያውንም አስነሣችው።

«ሰባት ሆነ?»

«ስድስት። ደዋዩ ሁለት ቢሆንም መንታው ያው አንድ ነው።»

የዕለቱን ማስታወሻ ስትለቀው ሁለቱ ስልኮች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሷና ኪሱ ውስጥ ያለው የሱ፣ እኩል ጮኹ። አያ እንዳለው ነገ ቀጠሮ አላቸው። ባምላኩ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ እሷ ግን ቀድማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«መጀመሪያ በሬውን ጠይቂ» አላት በሹክሹክታ።

አባቷ አነሡ። በቀን መደወሏ ግር ብሏቸው፣ ምን ሆንሽ አሉ።

«ምንም አልሆንኩ አባባ። ዳለቻው እንዴት ከረመ?»

ከወዲያኛው ጫፍ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወሬውን ከበሬው እናት ጀመሩ። ውዳሴ ወንበሯን ተደገፈች፤ ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፋችው።