ብቻውን የማይነሳ ወፍጮ

«ጧ» ይላል የወፍጮው ማስነሻ፤ ከሱ ጋር የተያያዘው አምፖል ይበራል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ጧ» ብሎ ይለቃል፤ አምፖሉ ይጠፋል። እናኑ በጥገና ሱቋ ውስጥ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየዋለች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ቦርድ ትናንት ነው የበየደቻት፤ ዕቃውን ሁሉ የነቀለችው ከሞተ ሬዲዮ ነው። የቦርዷ ሥራ ቀላል ነው። ካፓሲተሯ እንደ ገምቦ ቀስ ብላ ትሞላለች፤ ስትሞላ ለማስነሻው መብራት ትሰጠዋለች፣ ስትጎድል ትነሳዋለች። መስጠትና መንሳት፣ መስጠትና መንሳት። የኮሶዬ መንደር መብራት ክረምት ሲገባ እንደሚያደርገው።

ማስነሻው የተፈታው ክንዱ የሚባለው ወንድሟ ሲሠራበት ከሞተበት ወፍጮ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ወፍጮው ቆመ፤ ክንዱም ከመዘውሩ የወለቀውን ቺንጋ ሊመልስ እጁን ሰደደ፤ መብራቱ ተመልሶ ወፍጮው ብቻውን ተነሳ። እሷ የምታምነው ይህን ነው። ኮሶዬ ላይ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ ክንዱ የሚካኤል ማኅበር ላይ ውሎ፣ ጠላ ጠግቦ፣ የሚዞር ወፍጮ ውስጥ እጁን ከተተ ይላሉ። ደህና ማስነሻ መብራት ሲሄድ መብራቱን የሚያስተላልፉትን ሁለት ብረቶች ይለቃልና፤ መብራቱ ቢመለስም ሰው ቁልፉን ካልተጫነ ወፍጮው አይነሳም። ይህ ማስነሻ አንዴ እንኳ ሳይለቅ ከቀረ ግን ወሬው ውሸት ነው።

«ይኼ ነገር አይሰለቸውም እንዴ?» ይላሉ አያ ዓለምነው። የወፍጮው ባለቤት ናቸው፤ ማስነሻውን በማዳበሪያ ጠቅልለው ያመጡትም እሳቸው ናቸው። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ተቀምጠዋል።

«ሰው አይደል፣ አያ።»

«የኔ በሬ ይሻላል። እሱስ ምሳ ሲሆን ቀንበሩን አስጥሎ ይተኛል።»

እናኑ ፈገግ ልትል ትሞክራለች፤ ፊቷ አይታዘዛትም።

«ጧ»። ይለቃል። ዕድሜዋን ሙሉ የተበላሸው እንዲሠራ ስትለምን ኖራ ዛሬ የሚሠራው እንዲበላሽ ትለምናለች። አንዴ ብቻ። አንዴ እንቢ በል።

«የትነበርሽስ?» ትላቸዋለች፤ የክንዱን ሚስት መጠየቋ ነው።

«ምን ትሆናለች፣ ልጄ። ቤተ ክርስቲያን መሳሙንም ትታለች። ‹የሰካራሙ ሚስት› ሲሉ በጆሮዋ ሰማች።» ጋቢያቸውን ወደ ላይ ይስባሉ። «እኔም ልቅሶው ላይ ‹ወፍጮ ብቻውን አይነሳም› ብያለሁ። ምነው ያን ለት ምላሴን በያዘው። ግን አይነሳማ፣ እናኑ። ይኸው አንቺው አሳየሽኝ።»

ማስነሻው ሽማግሌውን የሚደግፍ ይመስል «ጧ» ብሎ ይለቃል።

«በይ፣ ጸሐዩ ዘቀዘቀ። በኮሶዬ የሚያልፈው የደባርቅ መኪና ሳያመልጠኝ ፍቺልኝና ልሂድ። ወፍጮው ቆሞ ሴቶቹ እህል ተሸክመው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይሄዳሉ፤ የሚረግሙት እኔን ነው።»

ሶኬቱን ትነቅለዋለች። ስትሰማው የዋለችው ድምፅ ድንገት ሲቆም ጆሮዋ ይጮኻል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ትጀምራለች። ዝም ብላ መሸኘቱ ይከብዳታል፤ የሆነ ነገር ለማለት ያህል፣ «ሸጋ አድርገው ነው የያዙት» ትላለች። «የወፍጮ ቤት ዕቃ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼ አላውቅም።»

«ኧረ የት! ስፈታው ባየሽው! ዱቄቱና ግራሶው ተቦክቶ እንደ ሙጫ ይዞት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ብረቶች ተነካክሰው አልላቀቅ ቢሉኝ በካቻቢቴ ነው ፈልቅቄ ያለያየኋቸው። ከዚያ በነጭ ጋዝ አጠብሁት። ሐዘንተኛ ቤት ቆሻሻ ይዞ ይገባል? ነውር አይደል?»

የእናኑ እጅ ይቆማል።

«መቼ ነው የፈለቀቁት?»

«በቀብሩ ማግስት ነዋ፣ ስፈታው።»

«ከዚያ በፊት የነካው ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል? የክንዱን ሬሳ እንዳወጣን በሩን ቆለፍሁ፤ ቁልፉ ከኔ አልተለየም።»

«መብራቱስ?»

«ያን ለት ወዲያው ከምሰሶው አስቆረጥሁት። ምነው?»

እናኑ ሁለቱን ብረቶች በጣቶቿ ይዛ ታሳያቸዋለች፤ ትገጥማቸዋለች፣ ስትለቃቸው ይለያያሉ። «መብራት ሳይኖር እነዚህ ተያይዘው አይቀመጡም፣ አያ። ይለቃሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያዩ ዋሉ። እርስዎ ግን መብራቱ ተቆርጦ ሳለ ተነካክሰው አገኟቸው።»

ሽማግሌው ከዱካው ላይ አንገታቸውን አስግገው ብረቶቹን ያያሉ።

ከውጭ ረዳቱ «ደባርቅ! ዳባት! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። አያ ዓለምነው ከዱካው አይነሱም።

«እንግዲያ ብቻውን...» ይላሉ፤ አይጨርሱትም።

እናኑ ይህች ሰዓት ብትመጣ እጮኻለሁ፣ ደረቴን እመታለሁ ብላ ነበር። አሁን ግን ጠረጴዛውን ተደግፋ ቀስ ብላ ትቀመጣለች።

«በገዛ እጄ አጠብሁት» ይላሉ ሽማግሌው። «ምልክቱን በገዛ እጄ። አሁን ማን ያምነኛል?»

«‹አይነሳም› ሲሉ ያመነዎት ያምንዎታል። ለኔ እንደ ነገሩኝ አድርገው መጀመሪያ ለየትነበርሽ ይንገሯት። ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ።»

አያ ዓለምነው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ከዚያ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ ቃል በቃል፣ «ይዞት ነበር» ይላሉ። «አልላቀቅ ቢሉኝ... በካቻቢቴ ነው...» ውጭ መኪናው ተነሥቶ ይሄዳል፤ እሳቸው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።