የእድሩ ወንበር

የእድሩ ወንበሮች ማንን አስቀምጠው ማንን እንደሚጥሉ ሰፈሩ ድምፅ ሲሰጥ፣ እማማ ጥሩአየሁን «ፊደል አልቆጠሩም» ብለው ድምፅ ሳያሰጧቸው ዘለሏቸው። ቂሙ ዛሬ፣ በገዛ ልጃቸው ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ገነፈለ። የልጅ ልጃቸው ሚልኪያስ ለእናቱ ሐዘን ሊቀመጥ ሲል፣ ወንበሩ እጥፍ ብሎ መሬት ላይ ጣለው። ወንድ ስለሚወድ ሰፈሩ ፈርዶበታል።

ከኋላ ጌጡ ሳቀ። ሚስቱን ደብድቦ ያባረረውን ጌጡን፣ ወንበሩ እንደ ሙሽራ ተሸክሞታል።

«አንተን ሲሸከም ወገቡን አላመመውም?» አሉት እማማ።

የእድሩ ዳኛ ገዝሙ ጠጋ አለ። «እማማ፣ ወንበሩ ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን? ልጁ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያልቅስ።»

«ወንበሩማ ብረት ነው፤ ክፋቱን ያስተማራችሁት እናንተ። እናቱ ለሁላችሁም ሟች እዚሁ ተቀምጣ አልቅሳለች።»

ይህን ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ባለ ሐዘኗ ቆማ ለቀስተኛ አይቀመጥምና ድንኳኑ በሙሉ እያጉረመረመ ተነሣ፤ ጌጡም ሳይቀር።

«እንግዲህ ገዝሙ፣» አሉ ነጠላቸውን እያጠበቁ፣ «ልጄ የእናቱን ሐዘን ተቀምጦ ያልቅስ። ወይ ወንበሩን ንገረው፣ ወይ አንተ በእጅህም በእግርህም ተንበርከክና ይቀመጥብህ።»