የሁለተኛው ረድፍ ሹፌር

ወረርሽኙ የሰውን ፊት ሁሉ በጭንብል ከሸፈነ ወዲህ ዋና አስተናጋጇ መንገደኛን በጫማው መለየት ጀምራ ነበር። በዚያ ቀን ቢዝነስ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ወንበር ነበር፤ መንገደኛው አምስት ብቻ። የአራቱ ጫማ አላሳሰባትም። የአምስተኛው ግን ተረከዙ ያለቀ፣ ያም ሆኖ እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው።

«ይሄ ለሌላ ሰው በር ሲከፍት የኖረ ነው» አለች በሆዷ።

አልተሳሳተችም። ሰውየው ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸውን ሴትዮ ክንዳቸውን ይዞ ገባና ሁለተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱ ጋ አስቀመጣቸው። ቀበቷቸውን አሰረላቸው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ብብቱ ሥር ያዘ፣ የሁለቱንም ፓስፖርት በደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያም እንደ ባለ ርስት ጎናቸው ዘፍ አለ።

«ዘመድ ነዎት?» አለችው።

«ሹፌራቸው ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ከኋላ ብዙ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ቢሄዱ እንደ ልብዎ ይተኛሉ።»

ሴትዮዋ ቀደሙት። «ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ማጅራቱን ሳይ ኖሬያለሁ። ዛሬ ጎኔ ይቀመጥ። ይልቅ ይሄን መሀላችን ያለውን ግድግዳ አውርጅልን።»

«መከለያው ከፍ ብሎ እንዲቆይ መመሪያ አለ፣ በበሽታው ምክንያት።»

«መመሪያማ መጦሪያ ቤት ውስጥ ጠግቤ ነው የመጣሁት!»

አወረደችው። ሰውየው ወንበሩን ዘርግቶ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሲጠይቅ ግን ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ትዝ አላት። ብርድ ልብሱን ወረወረችለት ማለት ይቻላል።

ምግቡ ደረሰ። ድሮ ትኩስ ፎጣና የሸክላ ሳህን ይዛ እየሳቀች ትዞር ነበር። አሁን ጓንት፣ ጋውንና የፊት መከለያ አድርጋ የታሸገ ካርቶን ታድላለች። ሥራዋ ለእስረኛ ስንቅ ማቀበል ሆኖባት ነበር።

ሰውየው የሴትዮዋን ካርቶን ከፍቶ ዶሮውን በትንንሹ ቆረጠላቸው። «እትዬ፣ ይቅመሱ እስቲ።»

«እትዬ አትበለኝ አላልኩህም?» ብለው ቆጡት።

«አፌ ለምዶ ነው» አለና አቀረቀረ።

አስተናጋጇ ይህን አየች። ሴትዮዋ በዚህ ሰው ደስተኛ አይደሉም ብላ ደመደመች።

ትንሽ ቆይቶ ካፒቴኑ በውስጥ ስልክ ጠራት። «የሴትዮዋ ልጅ ለአየር መንገዱ ደውሏል። አንድ ሹፌር እናቱን ከመጦሪያ ቤት አታሎ አውጥቷቸዋል። በዚሁ አውሮፕላን ይመለሱልኝ እያለ ነው። ስናርፍ ፖሊስ በር ላይ ይጠብቃል፣ ያየሽውን ትነግሪያቸዋለሽ።»

ደሟ ፈላ። ወትሮም ነገሩ ሸቷት ነበር። የሚሄዱበት አገር በሩን ዘግቶ ከዜጋና ከዜጋ የትዳር ጓደኛ በቀር ማንንም አያስገባም። ታዲያ ይህን ሹፌር ማን አሳለፈው? የሴትዮዋ ገንዘብ ይሆናላ! ለአቅመ ደካማ እናት ስትል ከሰው መጣላት ካለባት ትጣላለች።

ሴትዮዋ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ጠብቃ መጋረጃውን ሳበች። «እማማ፣ እዚህ አይሰማንም። አስገድዶዎት ከሆነ ራስዎን ብቻ ይነቅንቁልኝ፣ ይበቃኛል።»

«እኔን? ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት ሞክሮ አልሆነለትም!» ሳቃቸው ጭንብሉን ነፋው።

«ልጅዎ ግን ይመለሱ ብሏል።»

ሳቁ ቆመ። «ልጄ በመስታወት ማዶ እጁን እያወዛወዘ ደህና ነሽ አይደል ብሎኝ የሚሄድ ልጅ ነው። ባለፈው ወር ከዚያ ቤት አሥራ አንድ ሰው ወጣ፤ አሥራ አንዱም በሳጥን። እኔ በእግሬ ወጣሁ። ብትመልሱኝ ሁለተኛ በእግሬ አልወጣም። ይሄንን ንገሪልኝ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንሺ።»

እንግዲህ እኚህ ሴት አይመለሱም አለች አስተናጋጇ በሆዷ፣ ልጃቸው ጨርቁን ቢጥልም አይመለሱም። አገራቸው ይግቡና ሌባው ብቻውን በመጣበት ይሂድ።

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር የመግቢያ ቅጽ አደለች። ሰውየው የራሱን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። የሴትዮዋ ሁለት ገጽ ሙሉ ፈጀበት፤ ደግሞ እየሞላ እሳቸውን አይጠይቅም፣ ሁሉን በቃሉ ያውቀዋል። ይህንንም ያዘችበት።

«ያ ነው?» አሉ ሴትዮዋ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው።

«ከድልድዩ ወዲያ፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጨው።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። አስተናጋጇ የአገር ናፍቆት መሆኑን ስታስብ የእሷም ሞላ።

በሩ ተከፈተ። እስከ አንገታቸው ነጭ መከላከያ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አስተናጋጇ ወደ አንደኛው ጠጋ ብላ ያየችውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረችው፤ ቦርሳውን፣ ፓስፖርቱን፣ ቁጣውን፣ መጦሪያውንና አሥራ አንዱን ሰው። ፖሊሱ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሴትዮዋን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«አይዞዎት እናቴ፣ አገርዎ ገብተዋል። የማንም ልጅ ቢጮህ አይመልስዎትም።»

ሹፌሩ ክንዳቸውን እንደያዘ አብሮ ሊራመድ ሲል ግን ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አገደው። «አንተ ቁም። የሚገባው ዜጋና የዜጋ የትዳር ጓደኛ ብቻ ነው። ልቀቃቸውና በመጣህበት ተመለስ።»

ሹፌሩ አፉን ሳይከፍት ሴትዮዋ ከፊቱ ገብተው ቆሙ። ጭንብላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«አገሩስ የእሱ ነው» አሉ። «በሚስትነት የምገባው እኔ ነኝ።»