የአፍደም የመጨረሻዋ ልጅ

በዚያ ዘመን ባቡሩ ያለ ነጂ ይሄድ ነበር፤ የሚቆመውም ልጅ በሚኖርበት ጣቢያ ብቻ ነበር። የመኪናውን መንገድ አሸዋ ውጦት ነበር። በአፍደም የቀረችው ልጅ ኢፍራሕ ብቻ ነበረች፤ እሷም ልትማር ወደ ድሬዳዋ ተሳፈረች። እናቷ ሮዳ አልጋ የያዘ ባሏን ትታ መከተል አልቻለችም።

«እማ፣ ለዒድ ስመጣ ትቀበይኛለሽ?»

«አንቺ ወላቃ፣ ጥርስሽን አብቅለሽ ነይ እንጂ እቀበልሻለሁ!»

ባቡሩ ሲርቅ የጣቢያው ዘበኛ አቶ ዋበሪ ጠጋ አሉ።

«ከእንግዲህ እዚህ እንደማይቆም አልነገርሻትም?»

«ብነግራት ትሄድ ነበር?»

በማግስቱ ባቡሩ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈ። ነፋሱ ገመድ ላይ የተሰጣውን የኢፍራሕን ቀሚስ ነጥቆ አቧራ ላይ ጣለው። ሮዳ አነሳችውና እንደገና አጠበችው።